«ዓሣው ሞተ» ከማለት በፊት፦ የሳልሞን ጫጩት ክትትል ሲበላሽ

በካሊፎርኒያ፣ በሳክራሜንቶ ወንዝ፣ የክረምት ቺኑክ የሚባል የሳልሞን ዘር አለ። ስሙን ያገኘው ትልልቆቹ ከውቅያኖስ ወደ ወንዙ የሚመለሱት በፈረንጆች ክረምት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ሊጠፋ የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል። ድሮ እንቁላሉን የሚጥልባቸውን ቀዝቃዛ ወንዞች የሻስታ ግድብ ዘጋበት። ዛሬ በዋናነት የሚራባው ከግድቡ በታች፣ ሬዲንግ ከተማ አጠገብ፣ ከግድቡ በሚለቀቅለት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ጫጩቱ ከዚያ ተነስቶ፣ ወደ ውቅያኖስ እስከሚወጣበት እስከ ጎልደን ጌት ድልድይ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል።

መንገድ ላይ ስንቱ ይሞታል? የትኛው ቦታ ላይ? ይህን ለማወቅ የጫጩቱ ሆድ በትንሹ ተቀዶ 0.3 ግራም ያህል የምትመዝን፣ ታግ የምትባል ትንሽ መሣሪያ ትገባለች። ታጓ በየጥቂት ሰከንዱ የራሷን መለያ ቁጥር በድምፅ ትልካለች። የሰው ጆሮ ይህን ድምፅ አይሰማም። በየድልድዩ ሥር የታሰሩ አዳማጭ መሣሪያዎች ግን ቁጥሩንና ሰዓቱን ይመዘግባሉ።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ጣጣው የሚጀምረው ፋይሉ ሲከፈት ነው። የታጉ ድምፅ የማይሰማ ዓሣ በሕይወት ሊኖር ይችላል። የሚሰማውም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከታች ያሉት ችግሮች በሙሉ ዞረው ዞረው እዚህ ላይ ይመጣሉ።

አንድ ጣቢያ ላይ ዓሣው ድንገት ቀነሰ

መጀመሪያ ወደ ታች ተመልከቱ። ከዚህ ጣቢያ በታች ያለው አዳማጭ 100 ዓሣ ሰምቶ፣ ከእነዚያው መካከል እዚህ የተሰሙት 60 ብቻ ከሆኑ፣ 40ዎቹ አልሞቱም። መሣሪያችሁ ነው ያልሰማቸው። የመስማት አቅሙ 60 በመቶ ነው ማለት ነው። ጥሬ ቁጥሩን እንደ ሞት የሚቆጥር ሰው ገና ከጅምሩ ተሳስቷል። የመትረፍ ዕድልና የመሰማት ዕድል ለየብቻ መሰላት አለባቸው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጎርፍ ነው። ውሃው ሲሞላ ጫጫታውና የአየር አረፋው ድምፁን ይውጡታል። ግንድ መጥቶ ገመዱን ይጎትተዋል፣ አሸዋ መሣሪያውን ይቀብረዋል። የሚያናድደው ደግሞ ጫጩቶቹ በብዛት የሚወርዱት ልክ ውሃው ሲሞላና ሲደፈርስ መሆኑ ነው።

መፍትሄው፦ ከአዳማጩ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አንድ ታግ በቋሚነት እሰሩ። እሷ የማትሰማበት ሰዓት መሣሪያው የደነቆረበት ሰዓት ነው። በጀልባ ታግ እየጎተታችሁም እስከ ስንት ሜትር እንደሚሰማ ለኩ። አንድ ቦታ ላይ በአንድ መሣሪያ አትመኑ። በተለይ መጨረሻው ላይ፣ ጎልደን ጌት አካባቢ፣ ከእሱ በኋላ የሚመሰክር የለም። ስለዚህ እዚያ ሁለት ረድፍ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ጨዋማ ውሃ እንዲህ ያለውን ቀጭን ድምፅ ከወንዝ ውሃ ይልቅ ቶሎ ይመጠዋል። አዳማጮቹ ተጠጋግተው ካልተደረደሩ ዓሣው በመካከላቸው ሹልክ ብሎ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ስል ሞት የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 በዚሁ ወንዝ የበልግ መጨረሻ ቺኑክ በሚባለው (የፈረንጆች በልግ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ማለት ነው) የቅርብ ዘመዱ ላይ ክትትል ተደርጎ ነበር። ከ100 ጫጩት ውቅያኖስ የደረሰው፣ እንደየዓመቱ፣ ከ3 እስከ 16 ያህል ብቻ ነበር። የተሻለው ዓመት ዝናብ የበዛበት 2011 ነው።

ከመንታ መንገድ በኋላ ጠፋ

ወንዙ አንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ወደ ባሕር ተጠግቶ በብዙ ቅርንጫፍ የሚከፈልበት ዴልታ ጋ ሲደርስ ጆርጂያና ስላው የሚባል ቅርንጫፍ ጫጩቱን ወደ መሐል ዴልታ ይወስደዋል። እዚያ የገባ የመትረፍ ዕድሉ በዋናው ወንዝ ከቀጠለው ያንሳል። ከሳክራሜንቶ ከተማ በላይ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ፍሪሞንት የሚባለውን የጎርፍ መከላከያ ሲያልፍ ውሃው ዮሎ ባይፓስ በሚባለው ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ዓሣውም አብሮ ይሄዳል። የዋናውን ወንዝ አዳማጭ ብቻ ያየ ሰው ሟች ይለዋል። መፍትሄው አጭር ነው፦ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አፍ ላይ አዳማጭ።

ዓሣው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወይም አንድ ድልድይ ሥር ሰፈረ

ይሄኛው ክፉው ነው። ታጓ ትጮኻለች፣ ፋይሉ ሞልቷል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ጫጩቱ ግን ተበልቷል። የምትሰሙት የበላውን ዓሣ ሆድ ነው።

ዋነኛው ተጠርጣሪ ስትራይፕድ ባስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ከምሥራቁ የአሜሪካ ጠረፍ በሰው እጅ የመጣ ትልቅ አዳኝ ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ውሃውን ተቃውሞ ረጅም ርቀት መውጣት፣ አንድ ድልድይ ሥር ለቀናት መመላለስ፣ ከዚያ ፍጹም ዝም ማለት። አንዳንዴ ደግሞ ታጓ ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቅ ባትሪዋ እስኪያልቅ ትጮኻለች። አዳኙ ከሰገራው ጋር ወንዙ ወለል ላይ ጥሏታል።

እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ። በዴልታው ዝቅተኛ ክፍል የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ከፍ ሲል (ሞገድ የምለው ይህንን ሙላት ነው) ወደ ውስጥ ይገፋል። ጤነኛ ጫጩትም አብሮ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ወደ ላይ የወጣበትን ሰዓት ከሞገዱ ሰዓት ጋር አስተያዩ። ከሞገዱ ጋር ከሄደ ነጻ ነው። ሞገዱን ተቃውሞ ከወጣ ተጠርጣሪ ነው።

ከዚህ በላይ እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጥቂት ባሶችን ራሳቸውን ታግ አድርጎ አካሄዳቸውን መማር ነው። ሁለተኛው ሽፋኗ በጨጓራ አሲድ ሲሟሟ የምትልከውን መልእክት የምትቀይር ታግ መጠቀም ነው። ዓሣው ከተበላ በኋላ ለውጡ እስኪታይ ግን ጊዜ ይወስዳል። የትኛውንም ብትመርጡ ስሌቱን ሁለቴ ሥሩት፤ አንዴ ተጠርጣሪዎቹን ጨምራችሁ፣ አንዴ ቆርጣችሁ። ሁለቱንም አሳዩ። የሚያምረውን ብቻ መርጦ ማቅረብ ያስተዛዝባል።

ያልተለቀቀ ዓሣ ተመዘገበ

የሙት መንፈስ አይደለም። የሁለት ታጎች ድምፅ ተጋጭቶ፣ ወይም ከድልድዩ ኮንክሪት ነጥሮ፣ የሌላ ቁጥር መስሎ ተነቧል። ታጓ በየ5 ሰከንዱ የምትጮኽ ከሆነ ቀጣዩ ድምፅ በ5፣ በ10 ወይም በ15 ሰከንድ መምጣት አለበት። በ7 ሰከንድ ከመጣ ውሸት ነው። አንዴ ብቻ ተሰምቶ የቀረውንም አትመኑት። ብዙ ዓሣ በአንድ ጊዜ ከመልቀቅ በየሰዓቱ እየከፋፈሉ መልቀቅ ግጭቱን ይቀንሳል።

ዓሣው ሳይነሳ ደረሰ

እኔም ተይዤበታለሁ። ጫጩቱ የታችኛው ድልድይ ላይ የደረሰው ከላይኛው ከመነሳቱ 3 ሰዓት ቀድሞ ነው ይላል ፋይሉ። ግማሽ ቀን ስለ ዓሣው ፍጥነት ስንከራከር ዋልን። ለካ የላይኛው መሣሪያ በግሪንዊች ሰዓት፣ የታችኛው በካሊፎርኒያ ሰዓት ተሞልቷል። የ8 ሰዓት ልዩነት! ጉዞው የፈጀው 5 ሰዓት ነበር። በሐበሻና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ስንገለባበጥ ላደግን ሰዎች ይህ ያሳፍራል።

ሁሉንም በግሪንዊች ሙሉ። አሜሪካኖች በመጋቢት ሰዓታቸውን ሲቀይሩም አትንኩት። የመሣሪያው ሰዓት በራሱም ቀስ እያለ ይዛነፋል። ስትተክሉትም ስታነሱትም ልዩነቱን ጻፉ።

በተለቀቁ ማግሥት ይሞታሉ

ወንዙን ከመክሰሳችሁ በፊት የራሳችሁን እጅ መርምሩ። ታጓ ከዓሣው ክብደት ከ5 በመቶ ባትበልጥ ይመረጣል። ለ0.3 ግራም ታግ ጫጩቱ ቢያንስ 6 ግራም መሆን አለበት። የማን ስፌት እንደሆነ በየዓሣው ይመዝገብ፤ አንዱ ቀዳጅ ከሌላው ብዙ ዓሣ የሚያጣ ከሆነ ይታያል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ቀን አቆዩአቸው። ጥቂቶቹን ደግሞ ታግ አስገብታችሁ ገንዳ ውስጥ አስቀሩ። ወንዙ ያላያቸው እነዚህ ከሞቱ ጥፋቱ የእናንተ ነው። በማጓጓዣው ታንከርና በወንዙ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ቀስ በቀስ አቀራርቡ። የሚበላቸው ዓሣ በዓይኑ እያየ ስለሚይዛቸው ሲመሽ መልቀቅ ይሻላል።

ከዚያው ሣጥን ጥቂት ታጎችም ያለ ዓሣ ውሃ ውስጥ ይጮኹ። ባትሪያቸው በ30ኛው ቀን ካለቀ፣ በ40ኛው ቀን ዝም ያለውን ጫጩት ሞተ ማለት አትችሉም።

አንድ መፍትሄ የሌለው ችግር ይቀራል። የክረምት ቺኑክ አብዛኛው ጫጩት ከሬዲንግ በታች ያለችውን ሬድ ብላፍን የሚያልፈው በፈረንጆች በልግ፣ ገና 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ነው። ያንን ታግ ማድረግ አይቻልም። እሱን የሚቆጥሩት ወንዙ ላይ እየተሽከረከሩ የሚይዙ ወጥመዶች ናቸው። ስለዚህ የታግ ሪፖርታችሁ ላይ የዓሦቹን ርዝመት ከላይ፣ ከመትረፍ ቁጥሩ አጠገብ ጻፉት።