የላንግስተን ሂዩዝን የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ

የጥቁር አሜሪካዊውን ገጣሚና ደራሲ የላንግስተን ሂዩዝን ሕይወት ለመጻፍ፣ አንድም ዐረፍተ ነገር ሳይጀምሩ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፦ ጊዜው፣ የሆነው ነገር፣ የመዘገበው ማን እንደሆነ። ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን ዓምድ ሲዘለው ነው።

ከልደቱ እንነሣ። ሂዩዝ ራሱ የተወለድኩት ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1902 ነው ይል ነበር፤ መዛግብተ ዕውቀትም ለአሥርት ዓመታት ይህንኑ ገለበጡ። ነገር ግን በዲሴምበር 1901 በካንሳስ ግዛት ቶፒካ ከተማ የወጣ ጋዜጣ ሕፃኑ ላንግስተን ታሞ እየተሻለው መሆኑን ይዘግባል። ስለዚህ 1901 ብለው ይጻፉ፤ 1902 የሚለው ከየት እንደመጣም በአንድ ሐረግ ያመልክቱ።

በ1940 ያሳተመው ግለ ታሪኩ ጣፋጭ ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። በ1923 ወደ ምዕራብ አፍሪካ የተሳፈረባትን መርከብ «ማሎን» ይላታል፤ እውነተኛ ስሟ ግን «ዌስት ሄሰልታይን» ነበር። ስሜቱን ከመጽሐፉ ይውሰዱ፤ ስምና ቀን ግን ከሌላ ምንጭ ያመሳክሩ።

«አስተናጋጅ ሳለ ተገኘ» የሚባለውንም እንዲሁ። በ1925 መገባደጃ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ሆቴል የምግብ ዕቃ እያነሣ ሲሠራ፣ ሦስት ግጥሞቹን ገጣሚው ቬቸል ሊንዚ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡ እውነት ነው። ታሪኩን ይንገሩት፤ ግን ሂዩዝ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የ«ኦፖርቹኒቲ» መጽሔትን አንደኛ ሽልማት እንደወሰደ፣ አሳታሚው ክኖፕፍም የመጀመሪያ መድበሉን ለማተም እንደተቀበለ አስቀድመው ይጻፉ። አለዚያ ሊንዚ ፈጣሪው ይመስላል።

ለእያንዳንዱ ግጥም ሦስት ዘመን ይለዩ፦ የተጻፈበት፣ በመጽሔት የወጣበት፣ በመድበል የገባበት። ስለ ወንዞች የሚናገረው ታዋቂ ግጥሙ በ1920፣ ሜክሲኮ ወዳለው አባቱ ሲሄድ ባቡሩ ሚሲሲፒን ሲሻገር ተጻፈ፤ በጁን 1921 «ክራይሲስ» መጽሔት ላይ ወጣ፤ መድበል ውስጥ የገባው በ1926 ነው። የመድበሉን ዓመት ብቻ የያዘ ሰው የልጅነት ሥራውን የሃያ አምስት ዓመት ሰው ሥራ ያደርገዋል።

ልቦለዱ ላይ ቆም ይበሉ። በ1930 የወጣው «ኖት ዊዝአውት ላፍተር» በካንሳስ ከአያቱ ጋር ስለሚያድግ ልጅ ነው፤ ሂዩዝም ሎረንስ፣ ካንሳስ ውስጥ ያደገው ከአያቱ ጋር ነው። ይህ መመሳሰል ብዙዎችን ያሳስታል። የልቦለዷ አያት የሰው ልብስ እያጠበች ታኖራቸዋለች። የእሱ አያት ሜሪ ላንግስተን ግን ልብስ አጥባም ሆነ ለሰው ቤት ምግብ ሠርታ አታውቅም፤ ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እያከራየች ነበር የምትኖረው። የመጀመሪያ ባሏ በ1859 በሃርፐርስ ፌሪ ባርነትን ለማጥፋት ከተነሣው ከጆን ብራውን ጋር ዘምቶ የሞተ ሰው ነው። ከልቦለዱ ወደ ሕይወቱ ትዕይንት አይቅዱ።

ከ1930 በኋላ ያለውን ማሳጠር የተለመደ ስንፍና ነው። ቢያንስ ከ1943 ጀምሮ በ«ቺካጎ ዲፌንደር» ጋዜጣ ዓምዱ ላይ የወጣውን ሲምፕል የተባለውን የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ጨዋታ፣ በ1953 ኮሚኒስቶችን ያሳድድ በነበረው የሴናተር ማካርቲ ኮሚቴ ፊት መቅረቡን፣ በ1958 የወጣውን ሁለተኛ ልቦለዱን ያካትቱ። ያረፈው ሜይ 22 ቀን 1967 ነው፤ አመዱ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ባለው የጥቁሮች ባህል ምርምር ማዕከል በሾምበርግ ወለል ሥር ተቀብሯል።

ዘመኑን ወደኛ አቆጣጠር ከቀየሩ ሁሉንም ይቀይሩ፤ ግማሽ በግማሽ አይሁን። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መግቢያ 8፣ ከዚያ በኋላ 7 ይቀንሳሉ። ኢትዮጵያን የሚጠራው ግጥሙ ግን የወጣው በሴፕቴምበር 1935፣ ጣሊያን ከመውረሩ በፊት ነው። ዓመታችን የሚለወጠው በዚያው ወር ስለሆነ፣ የወጣበትን ቀን ካላወቁ 1927 ወይም 1928 ብለው አይገምቱ፤ እ.ኤ.አ. ብለው እንዳለ ይተዉት።