ከድሬና ከሐረር አሜሪካ ለገባችሁ፦ እጅ፣ የእጅ አንጓ፣ ክርንና ትከሻ ሲጎዳ

ድሬዳዋ ላይ ሌሊት ስልክ ሲጮህ አብዛኛውን ጊዜ የራጅ ፎቶ ነው። ከስሩ «ይሄን እዩልኝ፣ ተሰብሯል ወይስ ወለምታ ነው?» የሚል ጽሑፍ አለ። ላኪው አሜሪካ ከገባ ገና ወራት ያልሞላው የከዚራ ወይም የጀጎል ልጅ ነው። ጥያቄው ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን አንድ ላይ ጽፈን ለማስቀመጥ ወሰንን። እዚህ ኦርቶፔዲክስና ፊዚዮቴራፒ ላይ የምንሠራ ሰዎች ነን፤ የአሜሪካውን አሠራር ደግሞ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ከሚሠሩ ወገኖቻችን ጋር ተነጋግረን አጣርተናል።

ከሁሉ በፊት በረዶው። በድሬ ሙቀት ያደገ ሰው በረዶ ላይ መራመድ አልለመደም። ሲንሸራተት እጁን ዘርግቶ ምድሩን ሊደግፍ ይሞክራልና የሰውነቱ ክብደት ሙሉ በሙሉ መዳፉ ላይ ያርፋል። እንዲህ ሲወድቅ ትልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንጓው ላይ ይሰበራል፤ ልጅ ደግሞ አንጓው ላይም ከክርኑ ከፍ ብሎም ሊሰበር ይችላል። አንጓው ከተጣመመ ወይም ካበጠ ማንም ሳይነግራችሁ ትሄዳላችሁ። ሰው የሚጎዳው ብዙም ሳያብጥ፣ ሳይጣመም፣ ብቻ የሚያም አንጓ ይዞ ሲቀመጥ ነው።

አንጓ ውስጥ ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት አለች። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ወጥሩት፤ ከሥሩ፣ አንጓው ላይ፣ ሁለት ጅማቶች ብቅ ይላሉ፣ በመሃላቸውም ትንሽ ጉድጓድ ይታያል። በሌላኛው እጅ ሌባ ጣት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጫን አድርጉ። ከጤነኛው እጅ የበለጠ ካመማችሁ ስካፎይድ ተሰብራለች ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ራጁ ምንም አሳየ ምንም። መጀመሪያ ቀን የሚነሳ ራጅ ይህን ስብራት ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ስንጥቁ ቀጭን ነው፤ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ የስብራቱ ጠርዝ ሲሳሳ ነው መስመሩ ጎልቶ የሚወጣው።

እኛም ወድቀንበታል። በስልክ የተላከ የራጅ ፎቶ አይተን «አይዞህ፣ ስብራት የለም» ብለን መልሰን ነበር፤ ስብራቱ ግን ነበረ። ስለዚህ ይህን ክፍል ረዘም አድርገን እንጽፋለን።

ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። አርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚገባበት፣ ለሕይወት ለማያሰጋ ጉዳት የሚሆን ክሊኒክ) ትሄዳላችሁ። ራጁ ንጹህ ነው ይሏችኋል፤ አውራ ጣትን ጭምር የሚይዝ ስፕሊንት (እንዳይንቀሳቀስ የሚደግፍ ማሰሪያ) አስረው፣ በሁለት ሳምንት ኦርቶፔዲክ (የአጥንት) ሐኪም ዘንድ እንድትታዩ የሚል ወረቀት ሰጥተው ይሸኟችኋል። እስከዚህ የተሳሳተ ነገር የለም፤ ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው። ወረቀቱን ግን ማንም አያነብም። በሳምንቱ ሕመሙ ቀለል ይላል፣ ስፕሊንቱ ሥራ ላይ ያስቸግራል፣ ይወልቃል። በሁለተኛው ሳምንት ሰውየው መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያነሳ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ፎቶው ለእኛ ይደርሰናል።

ይህች አጥንት ደም የምታገኘው አብዛኛውን በጣቶቹ በኩል ገብቶ ወደ ክንዱ በሚመለስ ደም ሥር ነው። መሃሏ ላይ ስትሰበር ወደ ክንዱ ያለው ቁራጭ ደም ይቋረጥበታል። ያልታሰረ ስብራት አይገጥምም፤ ቁራጩ ሊሞት ይችላል፤ ዓመታት ሲያልፉ የአንጓው መገጣጠሚያ በሙሉ ይበላል። በጊዜው ቢያዝ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በጄሶ የሚድን ጉዳት፣ ሲዘገይ ብሎንና ከዳሌ ወይም ከክንድ የሚወሰድ አጥንት የሚጠይቅ ቀዶ ጥገና ይሆናል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ አጥንቱ የሚገጥምበት ጊዜ ይረዝማል።

ስለዚህ ከአርጀንት ኬር ሳትወጡ «ስካፎይድ» የሚለውን ቃል ራሳችሁ ተናገሩና ለእሷ የሚነሳው ልዩ ራጅ መነሳቱን ጠይቁ። ቀጠሮውን በዚያው ቀን ያዙ። ኦርቶፔዲክ ቢሮዎች ወረፋቸው ረጅም ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ብትደውሉ የሚሰጧችሁ ቀን የሚቀጥለው ወር ላይ ነው። ቀን ከጠፋ ፕራይመሪ ዶክተራችሁ (መደበኛ ሐኪማችሁ) ዘንድ ሄዳችሁ በ10ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ራጁ እንዲደገም አድርጉ። ሁለተኛውም ንጹህ ሆኖ ጉድጓዱ አሁንም ካመማችሁ ኤምአርአይ ጠይቁ። ስፕሊንቱ እስከዚያ አይወልቅም። ሐኪሙ ለመታጠብ ፈቅዶ ካልሆነ በቀር ለአንድ ሰዓትም ቢሆን።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር ደግሞ አለ። ጣቶች ከገረጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፤ አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ፤ ቢላ ከቆረጣችሁ በኋላ ጣት አልታጠፍ ካለ፤ ጣት ከዳር እስከ ዳር አብጦ ግማሽ ታጥፎ ከቀረና ማቃናቱ የሚያስጮህ ከሆነ፤ በግሪስ መሣሪያ ወይም በቀለም መርጫ ግፊት የመርፌ ያህል ቀዳዳ ከተፈጠረ፤ በቡጢ ሰው ጥርስ ላይ መትታችሁ ቆዳው ከተቀደደ፤ በቀጥታ ኢመርጀንሲ ሩም። የግሪሱ ጉዳት በተለይ ያታልላል። ከውጭ ምንም አይመስልም፣ ውስጥ ግን ኬሚካሉ ጣቱን እየበላ ነው። የተቆረጠ ጣት በረዶ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ በረጠበ ንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ ክተቱና ላስቲኩን በረዶና ውሃ ላይ አድርጉት። ቀለበት ደግሞ እብጠት ሳይጀምር ይውለቅ።

«ኢንሹራንስ የለኝም» ብሎ ቤት መቀመጥ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ሆስፒታሉ ኢመርጀንሲ ሩም የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳያይ እንዲመረምርና እንዲያረጋጋ ያስገድዳል። ሂሳቡ በኋላ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን አትደንግጡ፣ መሳቢያ ውስጥም አትቅበሩት። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ሁሉ የክፍያ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው ግዴታ አለበት፤ ማመልከቻውን ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ እስከ 240 ቀን ይቀበላል። ቅጹን ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ የለም፣ ይህ ያናድደናል። አስተርጓሚም ነጻ ነው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትቀመጡ፤ «መደንዘዝ» እና «መዛል» ተምታቶ ሲተረጎም ምርመራው ሌላ ቦታ ይሄዳል።

በሥራ ላይ ከተጎዳችሁ ለሱፐርቫይዘሩ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቴክስትም ይሁን ኢሜይል፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት። በብዙ ስቴቶች ገደቡ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ ያጠረባቸውም አሉ። ሥራ እንዳይቀር ብላችሁ ሐኪሙን «ቤት ወደቅኩ» ካላችሁት መዝገቡ ላይ ያ ይጻፋል፣ በኋላም ወርከርስ ኮምፕ (በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚከፍለው ኢንሹራንስ) ሲከራከር የሚያወጣው ያንን ገጽ ነው። በብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ሐኪም የሚመርጠው አሠሪው ወይም ኢንሹራንሱ ስለሆነ የት እንደምትታዩ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ወጌሻ። አያቶቻችን በወጌሻ ታክመዋል፣ እኛም አንንቅም። ይሁን እንጂ እንደ ዲሲ ባሉ ከተሞች «እሽት የሚችል ሰው አለ» እየተባለ የተሰበረ አንጓ ሲታሽና በቀርከሃ ሲጠፈር ዝም ማለት አንችልም። ጠብቆ የታሰረ ክንድ ውስጥ እብጠቱ መውጫ ስለሚያጣ ጡንቻውን ያንቀዋል፤ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ጡንቻው ይሞታል፣ እጅ እንደ ጥፍር ታጥፎ ይቀራል። ከክርኑ በላይ የተሰበረ ልጅ ላይ ይህ ይብሳል። ሕመሙ ከጉዳቱ ሲበልጥ፣ ማስታገሻ አልሠራ ሲል፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲያቃናለት ልጁ ሲጮህ፣ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፣ ልጁም ወደ ኢመርጀንሲ ይወሰድ። የሆስፒታል ጄሶም ቢሆን ሊጠብቅ ይችላል፤ «እስከ ነገ ልቻለው» አይባልም።

ጄሶ ከታሰረ በኋላ እጁ ከልብ ከፍታ በላይ ይቀመጥ፤ ነጻ የቀሩት ጣቶች ደግሞ ነቅታችሁ ባላችሁበት በየሰዓቱ አሥር ጊዜ እስከ ጥግ ይጨበጡ፣ ይከፈቱ። አጥንቱ ገጥሞ ጣቱ ግን ደርቆ የቀረ ሰው ብዙ አይተናል፤ ያ ድርቀት ከስብራቱ ይልቅ ወራት ይፈጃል። የጣቱ ጫፍ ወደ ታች ታጥፎ አልቀና ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው መገጣጠሚያ በስፕሊንት ቀጥ ብላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ትቆያለች። ስፕሊንቱን ስትቀይሩ ጣቱን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉት። አንዴ ከታጠፈ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ሌሊት እጅ እየደነዘዘ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ የትኛው ጣት እንደሆነ ለዩ። አውራ፣ ሌባና የመሃል ጣት ከሆኑ ነርቩ የታነቀው አንጓ ላይ ነው፤ አንጓውን ቀጥ የሚያደርግ ስፕሊንት ለስድስት ሳምንት ያህል ሌሊት ሌሊት ይታሰር። ትንሿ ጣት ከሆነች ችግሩ ክርን ላይ ነው፤ ክርን አጥፎ መተኛትና ስልክ ጆሮ ላይ ይዞ ረጅም ማውራት ያባብሰዋል። የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ እየሳሳ ከመጣ ግን የስፕሊንት ጊዜ አልፏል፣ የነርቭ ምርመራና ቀዶ ጥገና ይታሰብ።

የክርን ውጭ በኩል ሕመም አብዛኛው በዓመት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። የስቴሮይድ መርፌ መደጋገም ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ በረጅሙ አይጠቅምም፤ እኛ አንመክርም።

ትከሻ ቀስ በቀስ ደርቆ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ካቃተ፣ ራጁም ምንም ካላሳየ፣ ስኳራችሁን ተለኩ። የደረቀ ትከሻ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ ይበዛል፤ ለመዳን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ለትከሻው የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ስኳርን ለቀናት ከፍ ያደርጋልና ለሐኪሙ ንገሩ። ወድቃችሁ በዚያው ቀን ክንድ ማንሳት ካቃታችሁ ግን ጅማት ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ወራት አይጠብቅም፣ ጅማቱ ወደ ኋላ ይሸሻል።

እዚህ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደርጎላችሁ ብረት ያለባችሁ ሰዎች የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ይዛችሁ ተጓዙ፤ ኤምአርአይ ክፍል የብረቱን ዓይነት ይጠይቃችኋል። ቀዶ ጥገና ካላችሁ ደግሞ ጫት የምትቅሙ መሆናችሁን ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩ። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚያነሳ ማወቅ አለበት፤ ማፈር አያስፈልግም።

ከእንግዲህ ፎቶ ስትልኩልን የራጁን ሁለቱንም አቅጣጫ፣ ማለትም ከፊትና ከጎን፣ ላኩ። የወደቃችሁበትን ቀን፣ እንዴት እንደወደቃችሁ፣ በአንድ ጣት ስትጫኑት በጣም የሚያመውን ነጥብ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ የእጁን ፎቶ ጨምሩበት። ራጁን ብቻ ለሚልክ ሰው «ንጹህ ነው» የሚል መልስ አንሰጥም።