ዝም ያለችዋ ድመት፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመሟን መለየት

ድመት አምክነን ወደ ቤቷ ስንልካት በማግስቱ ስልክ ይደወላል። «ዶክተር፣ ውሮዬ ደህና ናት። አንዴም አልጮኸችም፤ ዝም ብላ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።» እኔን የሚያስደነግጠኝ ይሄ ስልክ ነው። ትንፋሿን፣ ሙቀቷን፣ የድዷን ቀለምና ስፌቷን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ጥግ ይዛ ዝም ብላለች፣ ምግብ አትነካም

በብዛት ምክንያቱ ሕመም ነው። ድመት ሲያማት እንደ ውሻ አታላዝንም፤ ትደብቃለች። አንድ ጊዜ ጠዋት ክሊኒክ ስገባ፣ ሆዷ የተከፈተ ነጭ ድመት ካርድ ላይ «ተረጋግታለች» ተብሎ ተጽፏል። ሄጄ አየኋት። አራት እግሯን ከሥሯ ሰብስባ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ አንገቷን ደፍታለች። ዓይኗ በግማሽ ተከድኗል። እጄን ወደ ስፌቱ ሳስጠጋ ሆዷ እንደ ጣውላ ደረቀ። ማስታገሻ ወጋኋት። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጎኗ ተዘርግታ ተኛች፤ ከዚያ ተነስታ ዓሣዋን በላች። ተረጋግታለች የተባለችው ድመት ሌሊቱን ሙሉ ስትሰቃይ ነበር ያደረችው።

ስለዚህ ፊቷን አንብቡ። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ፊላይን ግሪሜስ ስኬል» የሚባል፣ የድመትን ሕመም ከፊቷ የሚያነብ መለኪያ አለ። አምስት ነገር ያያል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል። ጆሮዎቿ ወደ ፊት ቆመዋል ወይስ ተራርቀው ወደ ውጭ ዞረዋል? ዓይኗ ተከፍቷል ወይስ ጠቧል? አፍና አፍንጫዋ አካባቢ ክብ ሆኖ ላላ ብሏል ወይስ ተወጥሯል? ጺሟ ዘንበል ብሎ ወርዷል ወይስ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ወጥቷል? ጭንቅላቷስ ከትከሻዋ በላይ ነው ወይስ በታች? ድምሩ ከ10 ነጥብ ውስጥ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስታገሻ ያስፈልጋታል።

ሳትነኳት፣ ከራቅ ብላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል እዩአት። ተኝታ፣ ስትበላ፣ ራሷን ስትልስ ወይም ስትጮህ ነጥብ አትስጡ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ከጭንቅላቷ ጀምራችሁ ዳብሷት፤ ቁስሉ አካባቢ የምትደርሱት በመጨረሻ ነው። የታዘዘላትን ማስታገሻ ከሰጣችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ነጥቡን ድገሙት። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። መድኃኒቱ መሥራቱን ካላያችሁ ሥራው አላለቀም።

ኩርርር ማለቷ አያዘናጋችሁ። ያመማት ድመትም ኩርርር ትላለች።

ከሰመመን ስትነቃ ትወራጫለች፣ ትጮኻለች

ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የመድኃኒቱ ግርታም ሊሆን ይችላል። ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ የተወጋች ድመት ዓይኗ ፈጦ ስለሚቆይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የፊት ነጥብ ያታልላል። ክፍሉን አጨልሙ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ በስሟ ጥሯት። ስትጠሯት ቀልቧን ሰብስባ ቁስሏን ስትነኩ ብቻ የምትቆጣ ከሆነ ያመማት ቁስሉን ነው። ከተጠራጠራችሁ ማስታገሻውን ስጡ።

ወደ ኋላ እየተራመደች ትሸሻለች

ብዙ ጊዜ የአንገት መከላከያው ወይም ፋሻው ጠብቆባት ነው። ላላ አድርጉላት።

ፊቷ አብጧል፣ ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ሆኗል

ይሄኛው ያናድደኛል። ሰው «ሩብ ክኒን ብቻ ነው የሰጠኋት» ብሎ ይመጣል። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው! ጉበቷ መድኃኒቱን የሚያከሽፍበት መንገድ በጣም ደካማ ስለሆነ፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይጎዳሉ። ሰጥታችሁ ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ክሊኒክ ይዛችኋት ውጡ። የሰጣችሁትንም አትደብቁን፤ ማርከሻው ቶሎ ሲጀመር ነው የሚረዳት።

ሜሎክሲካም የሚባለው ማስታገሻ ለድመት ይሰጣል፤ ግን ተመዝና፣ ውሃ የምትጠጣና ኩላሊቷ ጤነኛ ስትሆን። ከኮርቲዞን ጋር በፍጹም አይቀላቀልም። ሆድ ከፍቶ፣ አንድ መርፌ ወግቶ፣ ለቤት ምንም ሳያዝ የሚሸኝ ባለሙያም አለ። የተከፈተ ሆድ በማግስቱ መታመሙን አያቆምም፤ ለቤት የሚወሰደውን ማስታገሻ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ምግቡን ትንሽ አሙቁላት፣ ሽታው ይጠራታል። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ደውሉ። በተለይ ወፍራም ድመት ለቀናት ካልበላች ጉበቷ በስብ ይሞላል፤ ያን ማዳን ከቀዶ ሕክምናው በላይ ይከብዳል።