የሽመና ቤት የካርቦን አሻራ፦ ከእንጨት ሚዛን እስከ ገዢው ቅጽ

ሻርፕና የአልጋ ልብስ ከውጭ የሚያዝዝ ደንበኛ ከዋጋና ከናሙና ቀጥሎ የካርቦን አሻራ ቅጽ፣ ማለትም ዕቃው ሲሠራና ሲጓጓዝ የወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ መጠን የሚሞላበት ቅጽ፣ መላክ ጀምሯል። ቅጹን ላየው ለፋብሪካ የተዘጋጀ ይመስላል። ስድስት የሽመና ዕቃና አንድ የቀለም ምድጃ ላለው ማኅበር ግን ደብተር፣ 50 ኪሎ የሚችል ተንጠልጣይ ሚዛንና ካልኩሌተር ይበቃል። በባሕር ዳር ያለ ሽመና ቤት ድካሙን ማዋል ያለበት በሚነድደው እንጨት፣ በሚገዛው ክርና በአውሮፕላን በሚሄደው ጭነት ላይ ነው። አምፖል መቁጠር ጊዜ ማባከን ነው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ጊዜና ወሰን

መጀመሪያ የሒሳቡን ዓመት ቁረጡ። የማኅበሩ ሒሳብ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነ አሻራውም በዚያው ይሂድ፤ ሪፖርቱ ላይ ግን የፈረንጁን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ለምሳሌ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ማለት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። ገዢው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ብቻ ነው የምቀበለው ካለ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ላይ ይውላል። ደብተሩ በየቀኑ የሚሞላ ከሆነ እዚያ ላይ መቁረጥ ቀላል ነው፤ በወር አንዴ የሚሞላ ከሆነ ታኅሣሥን ለሁለት መክፈል ግምት ይሆናል። የአንድ ወር ፍጆታ በ12 የሚያባዛ ሰው ደግሞ ጳጉሜን ጥሎ ይሄዳል።

ወሰኑ የትኛው ሥራ እንደሚቆጠር የሚለይ ነው። ሼዱ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ይገባል። ፈታዮች በየቤታቸው የሚፈትሉት ጥጥም ይገባል፤ እንዝርት ምንም ስለማይፈጅ የሚቆጠረው ጥጡ ብቻ ነው። ሸማኔዎቹ በብስክሌት ከመጡ ዜሮ፣ በባጃጅ ከመጡ ግን ርቀቱ ይመዘገባል።

ዓለም አቀፉ የሙቀት አማቂ ጋዞች መቁጠሪያ ደንብ፣ ጂኤችጂ ፕሮቶኮል፣ ልቀትን በሦስት ይከፍላል። ስኮፕ 1 እናንተ ራሳችሁ የምታነድዱት ነው፦ እንጨት፣ ከሰል፣ ቤንዚን። ስኮፕ 2 የተገዛ መብራት ነው። ስኮፕ 3 የቀረው ሁሉ ነው፦ ክር፣ ቀለም፣ ጭነት። ስሌቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የተጠቀማችሁትን መጠን ለዚያ ነገር በተዘጋጀው ማባዣ ቁጥር ታባዛላችሁ፣ ውጤቱም በኪሎ «የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ» (ሌሎቹም ጋዞች በማሞቅ ኃይላቸው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝረው) ይወጣል።

እንጨት

ሒሳቡ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። እንጨት የሚገዛው በሸክም፣ በእስርና በአህያ ጭነት ሲሆን ሁለት ሸክም እኩል ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ የተገዛውን ሳይሆን የነደደውን መዝኑ። ጠዋት ምድጃው ሳይለኮስ ለቀኑ የተለየውን እንጨት በገመድ አስራችሁ በሚዛኑ አንጠልጥሉ፤ ማታ የተረፈውን መዝኑና ቀንሱ። ያልተቃጠለ ጉማጅ ውኃ ተደፍቶበት ከሆነ ሳይደርቅ አይመዘን። ደብተሩ ላይ ቀን፣ የጠዋት ኪሎ፣ የማታ ኪሎ፣ የተነከረ ክር ኪሎና የመዛኙ ፊርማ ይግባ። ደብተሩ ከምድጃው አጠገብ በሲባጎ ይታሰር፤ ቢሮ ያለ ደብተር የሚሞላው በትዝታ ነው።

ሁለተኛው ችግር እርጥበት ነው። በክረምት የመጣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ማባዣው ግን አየር ላይ ለደረቀ እንጨት የተሠራ ነው። ከጭነቱ ሦስት ቦታ አንድ አንድ ኪሎ ውሰዱ፣ በቀጭኑ ፍለጡት፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አየር ላይ አድርቃችሁ እንደገና መዝኑ። 1 ኪሎው 600 ግራም ሆኖ ከቀረ የቀኑን ክብደት ሁሉ በ0.6 አባዙት። ይህ ካልተደረገ የሐምሌና የነሐሴ ቁጥር ያለ ምክንያት ያብጣል።

የተመድ የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ጉባኤ (አይፒሲሲ) በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት 15.6 ሜጋጁል ሙቀት አለው፤ ሲነድድ 1.75 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከጭሱ ጋር የሚወጡት ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ፣ ሚቴኑ በ28 ናይትረስ ኦክሳይዱ በ265 ተባዝቶ፣ አንድ ላይ 0.15 ኪሎ አቻ ያህል ይሆናሉ። እነዚህ ሁለቱ ስኮፕ 1 ውስጥ ይገባሉ። የእንጨቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከስኮፖቹ ውጭ በራሱ መስመር ይጻፋል። መስመሩን መዝለል አይፈቀድም፤ «እንጨት ታዳሽ ስለሆነ ዜሮ ነው» የሚለው መልስ ጠንቃቃ ገዢ ጋ አያልፍም።

ታዳሽ መሆኑ የሚወሰነው በመጣበት ቦታ ነው። ከገበሬ ማሳ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ነው፤ ከዘጌ ወይም ከሐይቁ ዳር የተፈጥሮ ደን የተቆረጠ ወይራ ሌላ ነው። የጣና አካባቢ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ስለሆነ ገዢው ይህን መጠየቁ አይቀርም። የዛፉን ዓይነትና የመጣበትን ቀበሌ ሻጩን ጠይቃችሁ በደብተሩ ጠርዝ ጻፉ። በከሰል ካውያ የምትተኩሱ ከሆነም ከሰሉ ከአዊ የተተከለ ዲከረንስ ይሁን የተፈጥሮ ግራር ለዩት። 1 ኪሎ ከሰል ሲነድድ 3.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ በአፈር ክምር ለማክሰል የወጣው ጭስ ደግሞ ከዚያ በተጨማሪ ነውና በስኮፕ 3 ይጠቀስ እንጂ አይረሳ።

ቁጥራችሁን የምትፈትኑበት መንገድ አለ። 40 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ለማሞቅ 11.7 ሜጋጁል ይጠይቃል። ሦስት ጉልቻ ከእንጨቱ ሙቀት ለድስቱ የሚያደርሰው 12 በመቶ ያህል ነው ብለን ብንይዝ 6 ኪሎ ከሩብ እንጨት ይወጣል፤ ሙቀቱን ለአንድ ሰዓት መጠበቂያው ከዚህ በተጨማሪ ነው። ደብተሩ ለዚያ ድስት 3 ኪሎ ካለ አንድ ሰው ሳይመዝን ጨምሯል ማለት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 100 እስኪደርስ እየጠበቀ እንጨት የሚጨምር ቀለም ነካሪ በከንቱ ያነድዳል። በ60 ዲግሪ የሚሠራ ሪአክቲቭ ቀለም ውኃውን ለማሞቅ ከ90ው የሚፈልገው ከግማሽ ትንሽ በላይ ብቻ ነው።

መብራትና ጄኔሬተር

የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ኃይል ነው፤ ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ 1 ኪሎዋት ሰዓት ከ0.03 ኪሎ አቻ አይበልጥም ብላችሁ ብታሰሉ ወደ ላይ ያደላ ግምት ነው። ፍጆታውን ከቆጣሪው አንብቡ፤ ታሪፉ ስለሚቀያየር ከተከፈለው ብር ወደ ኋላ ማስላት ያሳስታል። ቆጣሪው የሼዱ የጋራ ከሆነ በአምፖልና በሞተር ብዛት አካፍሉና «ግምት» ብላችሁ ጻፉ።

ጄኔሬተሩ ግን በሊትር ይያዝ። 1 ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ፣ 1 ሊትር ናፍጣ 2.68 ኪሎ ነው። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚያወጣ ያው መብራት ከመስመሩ ወደ 40 እጥፍ ይከብዳል።

ክር

ፋብሪካውን ወይም አከፋፋዩን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ጥጡ ከየት ነው፣ መተማ ወይስ ከውጭ የገባ? ክሩ የት ተፈተለ? የራሳቸው የልቀት ቁጥር አላቸው? መልስ ከመጣ እሱን ተጠቀሙ። ካልመጣ ለአንድ ኪሎ የጥጥ ክር እንደ እርሻውና እንደ ፋብሪካው መብራት ከ2 እስከ 6 ኪሎ ይነገራልና መካከሉን 4 ይዛችሁ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውንም አብራችሁ አስቀምጡ። የሚመዘነው የተገዛው ክር ነው። ቁርጥራጭና ብጣሽ ከገዛችሁት ላይ አይቀነስም፤ ልቀቱ አንዴ ተፈጥሯል።

ጭነት

እዚህ ቶን በኪሎ ሜትር ይባዛል። ለአይሱዙ 0.2፣ ለመርከብ 0.016፣ ለረጅም የአውሮፕላን ጉዞ 0.6 ኪሎ መያዝ ይቻላል፤ በከፍታ የሚፈጠረው ተጨማሪ ሙቀት ከታሰበበት የአውሮፕላኑ ወደ 1.0 ይጠጋል። የትኛውን እንደወሰዳችሁ ጻፉ፤ ሁለት ማኅበራት የሚለያዩት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። 100 ኪሎ ሸማ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በ5,400 ኪሎ ሜትር ሲበር በ1.0 ሒሳብ 540 ኪሎ ያወጣል። ያው ጭነት በመርከብ ከጅቡቲ ሰሜን አውሮፓ ወደብ 8,500 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 14 ኪሎ ገደማ ነው። ጭነቱን የከፈለው ገዢው ከሆነም በስኮፕ 3 ይመዘገባል፤ የሚለወጠው ምድቡ ነው፤ እናንተ ስትከፍሉ ምድብ 4፣ እሱ ሲከፍል ምድብ 9።

ድምሩ ሲወጣ

ለማሳያ በዓመት 600 ኪሎ ክር የሚሠራ ቤት እንውሰድ። ክሩ በ4 ሲባዛ 2,400። ክሩን ከአዲስ አበባ 550 ኪሎ ሜትር ለማምጣት 66። 1,800 ኪሎ ደረቅ እንጨት በ0.15 ሲባዛ 270። 120 ሊትር ቤንዚን 276። 900 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 27። ከተሠራው 560 ኪሎ ሸማ 300ው ወደ ፍራንክፈርት በአውሮፕላን ሲሄድ 1,620፣ እስከ አዲስ አበባ በመኪና 33። ድምሩ 4,692 ኪሎ፣ ማለትም 4.7 ቶን ነው፤ ስኮፕ 1 546፣ ስኮፕ 2 27፣ ስኮፕ 3 4,119። በተለየ መስመር የእንጨቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3,150 ኪሎ ይጻፋል።

የክሩ ማባዣ 2 ቢሆን ድምሩ 3.5፣ 6 ቢሆን 5.9 ቶን ይሆናል። ስለዚህ ከፋብሪካው የምታገኙት አንድ ደብዳቤ ከዓመቱ የመብራት ቢል ሁሉ ይበልጣል።

ለአንድ ሻርፕ ስታካፍሉ የአውሮፕላኑን ጭነት በባሕር ዳር ገበያ በተሸጠው ላይ አትጫኑ። ከጭነቱ በፊት ያለው 3,039 ኪሎ ለ560 ኪሎ ሸማ ሲካፈል 5.4 ይሆናል፤ ወደ ውጭ የሄደው 5.5 ይጨመርበታል። 250 ግራም ሻርፕ እዚሁ ሲሸጥ 1.4፣ ፍራንክፈርት ሲደርስ 2.7 ኪሎ ነው። ነጭ ነጠላና ቀለም የተነከረ ሻርፕ አብረው የሚሠሩ ከሆነ እንጨቱ በተነከረው ላይ ብቻ ይካፈል።

ሪፖርቱ

አንድ ገጽ ይበቃል። ጊዜው፣ ወሰኑ፣ ሦስቱ ስኮፖች፣ የእንጨቱ የተለየ መስመር፣ እያንዳንዱ ማባዣ ከየት እንደተወሰደና ዓመቱ፣ የትኛው ቁጥር ተመዝኖ የትኛው ተገምቶ እንደሆነ፣ ምን እንደተተወና ለምን። በትንሽ መጠን የሚገዛ ቀለምና ጨው ብትተዉ «ተትቷል» በሉ እንጂ ዜሮ አትጻፉ። ድምሩን 4.7 ቶን በሉት፤ 4,692.3 ብሎ የጻፈ ሰው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ያስመስላል። በአረንጓዴ አሻራ የተተከለ ችግኝ ከድምሩ አይቀነስም፤ መጥቀስ ከፈለጋችሁ ለብቻው ጥቀሱት። «ከካርቦን ነፃ» የሚል ቃልም ከመለያ ወረቀቱ ላይ ይውጣ።

ገዢው አውሮፓዊ ከሆነ ቪኤስኤምኢ በተባለው የትናንሽ ድርጅቶች መለኪያ መሙላት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁት፤ የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በፈቃደኝነት እንዲሠራበት መክሯል። ቢ3 የተባለው ክፍሉ የኃይል ፍጆታን በሜጋዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሜጋጁሉን ለ3,600 አካፍሉ። የምሳሌው እንጨት 7.8፣ መብራቱ 0.9 ይመጣል።

በሁለተኛው ዓመት ማባዣ ከተለወጠ፣ ለምሳሌ ፋብሪካው የራሱን ቁጥር ከላከ፣ የመጀመሪያውንም ዓመት በአዲሱ እንደገና አስሉና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዓመት ደብተር የተባዛውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ኪሎውንና ሊትሩንም መያዝ ያለበት።