ፑዲንግ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም፦ እንግሊዝኛን በብሪታንያ ምግብ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

እንግሊዝ አገር ለመጤዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት «ኢሶል» ይባላል። በኮሌጅም፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽም፣ በሰፈር ቤተ መጻሕፍትም ይሰጣል። እኔ በሰሜን እንግሊዝ በሳምንት ሁለት ማታ በበጎ ፈቃድ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን፣ ከኢራንና ከዩክሬን የመጡ ናቸው። ስለ ሰዋስው ሳወራ የሚያዛጋው ሁሉ የምግብ ነገር ሲነሳ ቀና ይላል። ስለዚህ የአገሩን ባህላዊ ምግብ ይዞ ክፍል መግባት ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን በቀላሉ ይበላሻል። አብዛኛውን ያበላሸሁት ራሴ ስለሆንኩ፣ ከዚህ በታች ያለው የሰው ሐሜት አይደለም።

አብልቶ መሸኘት

የመጀመሪያ ቀን አንድ ፌስታል ሙሉ ምግብ ይዤ ገባሁ። ስኮን (ትንሽ ክብ የሻይ ዳቦ)፣ ጃም፣ ክሬም፣ ቸዳር አይብ። የእያንዳንዱን ታሪክ ተረኩ። ተማሪዎቼ በሉ፣ «ታንክ ዩ ቲቸር» አሉ፣ ሄዱ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ከአፋቸው የወጣው እንግሊዝኛ ያ ብቻ ነበር። እነሱ ሲያኝኩ፣ እኔ ሳወራ መሸ።

አሁን ስኮኑን ለአራት እቆርጠዋለሁ። የመጀመሪያው ቁራሽ በነፃ ነው። ሁለተኛው በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይገዛል። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ይሠራል። ደግሞ ስኮን የራሱ ጭቅጭቅ ያለው ምግብ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያሉት የዴቨን ሰዎች መጀመሪያ ክሬም ቀብተው ጃሙን ከላይ ያደርጋሉ። ጎረቤቶቻቸው የኮርንዎል ሰዎች ጃሙን ያስቀድማሉ። አጠራሩ ላይም እንግሊዞቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ አንዱ «ስኮን» ብሎ ያሳጥረዋል፣ ሌላው «ስኮውን» ብሎ ይስበዋል። ክፍሉን ለሁለት ከፍላችሁ አከራክሩ። «ፈርስት»፣ «ዘን»፣ «አይ ፕሪፈር»፣ «ቢኮዝ» ሳትለምኗቸው ይመጣሉ።

ከፍ ላለ ደረጃ ጃፋ ኬክ አለ። ከሥሩ ለስላሳ፣ መሐሉ የብርቱካን ጃም፣ ከላዩ ቸኮሌት ነው። በብሪታንያ ኬክ የተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፈልበትም፤ ቸኮሌት የለበሰ ብስኩት ግን ይከፈልበታል። «ታዲያ ጃፋ የቱ ነው?» የሚለው ክርክር የታክስ ሸንጎ ፊት ቀርቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 «ኬክ ነው» ተብሎ ተወሰነ። ከተነሱት ነጥቦች አንዱ በጣም ደስ ይለኛል። ኬክ ሲሰነብት ይደርቃል፣ ብስኩት ሲሰነብት ይለሰልሳል፤ ጃፋ ደግሞ ይደርቃል። «ሃርደር»ን እና «ሶፍተር»ን በዚህ አስተምሬ የረሳ ተማሪ አላየሁም።

«ጣፋጭ»ን ሁሉ «ስዊት» ማለት

ይሄ የእኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ስህተት ነው። ማር ጣፋጭ ነው። ዶሮ ወጥም ጣፋጭ ነው። አንዲት ተማሪዬ ጎረቤቷ ያቀረበችላትን የዓሣ ፓይ ቀምሳ «ቬሪ ስዊት!» አለቻት። ጎረቤትየዋ በጨው ፈንታ ስኳር የጨመረች መስሏት ደንግጣ ቀመሰችው። መምህሩ ቃሉን ዝም ብሎ ሲተረጉም ይህ ይመጣል። ስኳር ወይም ማር ካለው «ስዊት» ነው። ጥሩ ከሆነ «ቴስቲ» ወይም «ዴሊሽየስ» ነው። ሁለቱን በሁለት ሳህን ለያይቶ ማስቀመጥ ከአሥር ደቂቃ ማብራሪያ ይበልጣል።

«ሴቨሪ» የሚለው ቃል ደግሞ በአማርኛ አንድ ለአንድ የሚመልስ የለውም። ጨው ጨው የሚል፣ ከስኳር ወገን ያልሆነ ምግብ ሁሉ ነው። ትርጉም ፍለጋ አትድከሙ። ቺዝ ፓይንና የፖም ፓይን ጎን ለጎን አድርጉ፣ ያልቃል።

«ሆት» ሁለት ነው፤ ትኩስም፣ የሚያቃጥልም። «ማይልድ» እና «ብላንድ»ም ያሳስታሉ። ለእኛ አልጫ ወጥ የተከበረ ምግብ ነው፤ አልጫ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ይህን ልዩነት በሁለት ቃል ይከፍለዋል። በርበሬ የሌለው፣ ለስለስ ያለ ምግብ «ማይልድ» ነው። ጣዕም አልባ ከሆነ «ብላንድ» ነው፤ ያ ስድብ ነው። ተጋባዥ ሆኖ «ዩር ሱፕ ኢዝ ብላንድ» ያለ ሰው ሁለተኛ ላይጠራ ይችላል።

በተቃራኒው የእንግሊዞችን ሙገሳ መስማትም ትምህርት ይፈልጋል። «ኖት ባድ» ብዙ ጊዜ ምስጋና ነው። «ኳይት ናይስ» እንደ ድምፁ ነው፤ «ደህና ነው» ለማለት ብቻም ይሆናል። ክትፏችሁን ቀምሰው «ኢንተረስቲንግ» ካሉ ግን፣ በኔ ልምድ፣ ሁለተኛ ጉርሻ ባታቀርቡ ይሻላል።

ግሶቹም እንደዚሁ ናቸው። ዓሣ በዘይት ስንጠብስ «ፍራይ» ነው። የበግ ሥጋ ምድጃ ውስጥ ሲጠበስ «ሮስት» ነው። ቋሊማ እሳት ከላዩ ሲወርድበት «ግሪል» ነው። ዳቦ ሲጠበስ «ቶስት» ነው። ለእኛ ሁሉም ጥብስ ነው። (መጥበስ በከተማ ወጣቶች አፍ ሌላ ትርጉም እንዳለው ታውቃላችሁ። ክፍል ውስጥ አታንሱት፣ ሳቁ አያባራም።) ደግሞ «ሮስት» የቡና መቁላትም ስለሆነ፣ አንዱ ልጅ «ሰንደይ ሮስት» ሲባል እሑድ ቡና የሚቆሉ መስሎት ነበር። ምስሉ ጥሩ ነው፤ ተሳስቷል እንጂ።

ስሙን አምኖ መብላት

ዮርክሻየር ፑዲንግ ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት ተበጥብጦ፣ በጋለ ስብ ላይ ፈስሶ፣ ምድጃ ውስጥ የሚነፋ ነው። የሚበላው ከእሑድ ጥብስ ሥጋና ከግሬቪ (ከሥጋ መረቅ) ጋር ነው። ስኳር አይነካውም። ብላክ ፑዲንግ አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ ደም የሚሠራ ቋሊማ ነው። ክሪስማስ ፑዲንግ ግን እውነትም ጣፋጭ ነው፤ ዘቢብ በዘቢብ ነው፤ በባህላዊው አሠራር የከብት ሞራና ብራንዲ ይገባበታል። ከዚያ አንድ ሰው «ዋትስ ፎር ፑዲንግ?» ካለ፣ ከምግብ በኋላ ምን ጣፋጭ እንዳለ መጠየቁ ነው።

«ሚንስ» የተፈጨ ሥጋ ነው። «ሚንስሚት» ዛሬ ሥጋ የለውም፤ ዘቢብ፣ ፖምና ቅመም ነው። ድሮ ሥጋ ነበረበት፤ ሥጋው ሄዶ ስሙ ቀረ። «ቶድ ኢን ዘ ሆል» የሚለውን ተማሪ በስልኩ ሲተረጉመው «ጉርጥ በጉድጓድ ውስጥ» ይለዋል። ቋሊማ ነው፤ እንደ ዮርክሻየር ፑዲንግ ባለ ሊጥ ተከብቦ የተጋገረ። ስለዚህ የምግብ ስም ዝርዝር አታስሸምድዱ። አንድ ጥያቄ አስተምሩ፦ «ዋትስ ኢን ኢት?»

ሳይጠይቁ ማቅመስ

ክፍላችን ከሚገናኝባቸው ማታዎች አንዱ ረቡዕ ነው። እኔው ራሴ፣ ጾም ሲጾም ባደገ ቤት ያደግሁ ሰው፣ ቅቤ የተቀባ ስኮን አቀረብኩ። ከኋላ አንዲት እናት «ቲቸር፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!» አሉ። ሌላ ቀን ጄሊ አመጣሁ። አንዲት ሱዳናዊት እናት ሳህኑን ነቅነቅ አድርገው «ይህን የሚያንቀጠቅጠው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ማሸጊያውን ሳገላብጥ ጄላቲን፣ የአሳማ። አፈርኩ።

እንግሊዝ ምግብ ውስጥ የተደበቀ ነገር ብዙ ነው። ትራይፍል የሚባለው ኬክ፣ ፍራፍሬና ክሬም የተደራረበበት ጣፋጭ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሼሪ የሚባል የወይን መጠጥ አለ። ዉስተር ሶስ የሚባለው ማጣፈጫ ውስጥ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ። የአንዳንድ ፓይ ሊጥ በአሳማ ስብ ይለወሳል። ከዚያ አለርጂ አለ፤ እሱ የሃይማኖት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። የብሪታንያ ሕግ 14 የአለርጂ መነሻዎችን ለይቶ ያስቀምጣል። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ደግሞ፣ በሰሊጥ አለርጂ ሕይወቷ ባለፈ ወጣት ስም «የናታሻ ሕግ» የሚባለው፣ ሱቁ ራሱ ሠርቶ ያሸገው ሳንድዊች ላይ እንኳ ሙሉ ዝርዝር እንዲጻፍ አስገድዷል። አለርጂ የሚያስነሳው ነገር ጎላ ብሎ መታየት አለበት።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጣዕም ከመጀመሩ በፊት ንባብ አለ። ባዶ ማሸጊያዎች ሰብስቤ አመጣለሁ። ተማሪዎቹ ለራሳቸው የሚሆነውንና የማይሆነውን ይለያሉ፣ ለጓደኛቸው በእንግሊዝኛ ያስረዳሉ። ከሁሉም ትምህርቶቼ በማግሥቱ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጥቅም ላይ የሚውለው ይሄ ነው።

የምግብ ሰዓትን ከመጽሐፍ ማስተማር

መጽሐፉ ቁርስ «ብሬክፋስት»፣ ምሳ «ላንች»፣ እራት «ዲነር» ይላል። እኛ ያለንበት ሰሜን እንግሊዝ ግን ለብዙ ሰው «ዲነር» ምሳ ነው፣ «ቲ» ደግሞ እራት። ትምህርት ቤት ምሳ የሚያቀርቡት ሴቶችም በመላ አገሩ «ዲነር ሌዲስ» ተብለው ኖረዋል። አንዷ ተማሪዬን የሥራ ባልደረባዋ «ከም ፎር ቲ» ብላ ጠራቻት። ሻይ ብቻ መስሏት ሽሮዋን ጥግብ ብላ በልታ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ፓይ፣ አተር፣ ድንች ተደርድሮ ጠበቃት። ባህላችን እንቢ ማለት አይፈቅድም፤ ሁለተኛ እራቷን በላች። የምታስተምሩበት ከተማ ሰው እንዴት እንደሚናገር መጀመሪያ ጠይቁ።

ፊደሉን ማመን

«ሳመን» ሲጻፍ መሐሉ ላይ የማይነበብ ኤል አለው። «ቢስኪት» ውስጥ ያለው ዩ አይሰማም። ዉስተርሻየርና ሌስተር ሲጻፉ ርዝመታቸው፣ ሲነገሩ እጥረታቸው ያስቃል። እነዚህን ሳያሰሙ ማስነበብ ከንቱ ነው። አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚያስቸግረው ግን የአናባቢ ርዝመት ነው። እኛ አጭርና ረጅም «ኢ» አንለይም። ስለዚህ «ቶስት ላይ ያለ ባቄላ» ልንል «ቶስት ላይ ያለ ቆሻሻ መጣያ» እንላለን፤ «ቢንስ» ሲረዝም ባቄላ፣ ሲያጥር መጣያ ነውና። «ቺፕ» እና «ቺይፕ»ም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ የተጠበሰ ድንች፣ አንዱ ርካሽ። ቺፕስ ካነሳን አይቀር፣ እንግሊዝ አገር «ቺፕስ» ትኩሱ ጥብስ ድንች ነው። ፓኬት ውስጥ ያለው «ክሪስፕስ» ነው።

ፈሊጥ ማብዛት

«ፒስ ኦፍ ኬክ»፣ «ስፒል ዘ ቢንስ»፣ «ሀምብል ፓይ»፤ መምህር ይወዳቸዋል፣ ተማሪ አይጠቀምባቸውም። ለአንድ ትምህርት አንድ ይበቃል። እኔ የማስቀድመው «ኖት ማይ ከፕ ኦፍ ቲ»ን («እኔ የምወደው ዓይነት አይደለም») ነው፣ በትሕትና እንቢ ማለት ስለሚያስችል። ሁለተኛው ማርማይት ነው። ማርማይት ከቢራ እርሾ የሚሠራ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ጥቁር ጨዋማ ነገር ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1902 የተቋቋመው በቢራ ጠመቃዋ ታዋቂ በሆነችው በርተን አፖን ትሬንት ነው። ሰው ወይ ይወደዋል፣ ወይ ይጠላዋል። ስለዚህ ሰውን የሚከፋፍል ነገር ሁሉ «ማርማይት» ይባላል። ሳቀምሳቸው አንዱ ጎንደሬ አሽትቶ «ይሄ የጠላ አተላ ነው እንዴ?» አለ። ከእውነቱ ብዙም አልራቀም።

ብሪታንያን ሙዚየም ማድረግ

ሻይ በሸክላ ስኒ፣ ንግሥት፣ ሰንደቅ ዓላማ። ተማሪው ይህን እያየ «የእነሱ» ብሎ ራሱን ከውጭ ያስቀምጣል። ምግቡ ራሱ ግን የስደተኛ ታሪክ ነው። ዓሣ በዘይት የመጥበሱ ልማድ ከስፔንና ከፖርቱጋል ከመጡ አይሁዶች ጋር እንደገባ ይነገራል። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1810 የሕንድ ምግብ ቤት የከፈተው ሕንድ የተወለደው ሳኬ ዲን መሐመድ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ እ.ኤ.አ. በ2001 ባደረጉት ንግግር ቺክን ቲካ ማሳላን እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብለውታል።

አንዳንዴ ድልድዩ ሳትፈልጉት ይገኛል። ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ባለው ማክሰኞ እንግሊዞች ፓንኬክ ይጋግራሉ። ምክንያቱ ከጾሙ በፊት እንቁላሉን፣ ወተቱንና ቅቤውን መጨረስ ነበር። ኦልኒ የምትባል ከተማ ሴቶቹ መጥበሻ ይዘው፣ ፓንኬክ እየገለበጡ ይሮጣሉ፤ ልማዱ ከ1445 ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ይህን ገና ሳልጨርስ ኢትዮጵያውያኑም ኤርትራውያኑም በአንድ ድምፅ «ቅበላ!» አሉ። ከዚያ ቅበላን ለኢራናውያኑና ለዩክሬኖቹ በእንግሊዝኛ ማስረዳት የእነሱ ፋንታ ሆነ። እኔ ቁጭ አልኩ።

የዚያን ጊዜ «ረቡዕ ነው» ያሉኝ እናት ባለፈው ወር እንጀራና ምስር ይዘው መጡ። እቃው ላይ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ተለጥፏል። «ቴፍ፣ ዋተር፣ ሶልት፣ ሌንቲልስ፣ ኦኒየን»። ከሥሩ ደግሞ በትልልቅ ፊደል፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ «ዊት»። እዚህ አገር ጤፍ ውድ ስለሆነ ስንዴ ቀላቅለውበት ነበር።