ስትሮክ የመታው ሰው ቤት ለምትገቡ ተማሪዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የነርስ ተማሪዎችን ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ለማኅበረሰብ አገልግሎት ስትወጡ ይህን ያዙልኝ፤ ዋናዋ ተማሪያችሁ አስታማሚዋ ናት። እናንተ ሳምንት ጠብቃችሁ ትመጣላችሁ፣ እሷ ሌት ተቀን እዚያው ናት። የምታሳዩትን ሁሉ በእጇ ትሞክረው።

የመጀመሪያ ቀን ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ግቡ። «አያ እንዴት ዋሉ?» ብላችሁ ሰላምታውን ለታማሚው ለራሳቸው ስጡ። አንደበታቸው ቢያዝም ብዙዎቹ ይሰማሉ፤ አትጩኹባቸው። «ውኃ ላምጣ?» ብላችሁ ጠይቁና ራሳቸውን እስኪነቀንቁ ታገሡ።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ሲያነሧቸው ነው። የሰነፈውን እጅ መጎተት፣ በብብት ገብቶ ማንጠልጠል ትከሻን ያወልቃል። መደቡ ዝቅ ካለ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ከፍ አድርጉት። ወገባቸው ላይ መቀነት ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና በደካማው ጎን ቁሙ። እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ጎንበስ ይበሉ፤ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ ሲደርስ ይነሡ። እናንተ መቀነቱን ብቻ ያዙ፤ በራሳቸው ጉልበት መነሣታቸው ነው ልምምዱ። ከዘራ በጤነኛው እጅ ይያዛል። ሸሚዝ ሲለብሱ ደካማው እጅ ይቀድማል፣ ሲያወልቁ ጤነኛው።

ምግብ ላይ ረጋ በሉ። ቀኝ እጃቸው የሰነፈ አባት በግራ መብላት ያሳፍራቸውና ከመሶቡ ይሸሻሉ። ማንኪያ አቅርቡላቸው፣ ቤተሰቡም አብሯቸው ይብላ። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ አይጋደሙ። ውኃ በጠጡ ቁጥር ትን የሚላቸው ከሆነ ግን ሐኪም ሳያያቸው ምንም አታጉርሱ።

የግፊት መድኃኒት «ተሻለኝ» ተብሎ ይቋረጣል፤ ጸበል ሲገቡም እንዲሁ። ጸበሉን አትንቀፉ፣ እኔም እጠመቃለሁ። የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ፤ «መድኃኒቱንም ዋጡ» የሚለው ቃል ከእሳቸው ሲወጣ ይሰማል። ግፊት የምትለኩት 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ በጤነኛው ክንድ ነው። 140/90ና ከዚያ በላይ ከተደጋገመ ለጤና ጣቢያው አሳውቁ። አፍ ድንገት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ፣ የጀመረበትን ሰዓት ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ልምምዱ ሊያልቅ ሲል እናንተ ተቀመጡ፤ አስታማሚዋ አንሥታ፣ አልብሳ፣ አብልታ ታሳያችሁ። የጎደለውን አቃኑላት፣ የክትትል ቀናቸውንም ጽፋችሁ ስጧት።