ለቼዝ ኢንጂን ፓዝ ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ኢንጂን (ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም) የሲዚጂ ፎልደር አድራሻ (ፓዝ) ተሳስቶ ቢሰጠው ጨዋታውን አያቆምም። ሲዚጂ ጥቂት ጠጠሮች ብቻ የቀሩባቸውን አቀማመጦች ውጤት አስቀድሞ አስልቶ የያዘ የፋይል ስብስብ፣ ማለትም ቴብልቤዝ ነው። ቴብልቤዙን ሳያገኝ መጫወቱን ይቀጥላል። ባለ 6 ጠጠሩን፣ ወደ 150 ጊጋባይት የሚሆነውን፣ በስንት ትዕግሥት ያወረደ ሰው ፋይሉ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተከፈተ ሳያውቅ ሊከርም ይችላል። ስለዚህ ትልቁ ስህተት ፓዙን ጽፎ ሳያረጋግጡ መተው ነው። ኢንጂኑ አድራሻውን ሲቀበል ስንት ፋይል እንዳገኘ በራሱ መስኮት ይጽፋል። ከ3 እስከ 5 ጠጠር ያለው ስብስብ የተሟላ ከሆነ 145 የደብሊውዲኤል (ማሸነፍ፣ አቻ ወይም መሸነፍ መሆኑን የሚናገሩ) እና 145 የዲቲዜድ (እስከሚቀጥለው የወታደር እንቅስቃሴ ወይም መብል ያለውን ርቀት የሚናገሩ) ፋይሎች አሉት። ቁጥሩ ከዚህ ካነሰ ቀጥሎ ያሉትን ይመልከቱ።

በተርሚናል የለመደ ሰው ክፍት ቦታ ያለበትን የፎልደር ስም በትእምርተ ጥቅስ ይከባል። በዩሲአይ (የሰሌዳ ፕሮግራምና ኢንጂን በሚግባቡበት ደንብ) ትዕዛዝ ግን ጥቅሱ ራሱ የስሙ አካል ሆኖ ይነበባል፤ ያለ ጥቅስ ይጻፉት። የቤት ፎልደርን በቲልዳ ምልክት ማሳጠርም አይሠራም፤ ምልክቱን የሚፈታው ሼሉ (የተርሚናሉን ትዕዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም) እንጂ ኢንጂኑ አይደለምና። አድራሻውን ከሥሩ ጀምረው ሙሉውን ይስጡ።

ሌላው ስህተት የሚፈጠረው ሁለት ፎልደሮችን በሚለየው ምልክት ላይ ነው። በፍለጋ መሃል ደጋግሞ የሚነበበውን ደብሊውዲኤል በፈጣን ዲስክ፣ ዲቲዜዱን በሌላ ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለቱን ፎልደሮች በዊንዶውስ ሴሚኮለን፣ በሊኑክስና በማክ ኮለን ይለያቸዋል። ዋናውን ፎልደር ብቻ መስጠት ደግሞ አይበቃም፤ ስቶክፊሽ በውስጡ ወዳሉት ንዑስ ፎልደሮች ገብቶ አይፈልግም።

ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ሲስተሙ ለፕሮግራሞች የሚያስተላልፈው ስም ያለው ቅንብር) ላይ ብዙ ሰው የሚደክመው ያለ ምክንያት ነው። ክራፍቲ የተባለው ሌላ ኢንጂን የመክፈቻ መጽሐፉን፣ የቴብልቤዙንና የሎግ ፋይሉን ቦታ ከእነዚህ ቫሪያብሎች ያነባል፤ ስቶክፊሽ ግን የሲዚጂን አድራሻ የሚቀበለው በዩሲአይ ምርጫ ብቻ ነው። ለአንዱ የሠራውን ለሌላው መሞከር ጊዜ ይበላል።

ለክራፍቲም ቢሆን አንድ ፕሮግራም ቫሪያብሎቹን የሚወርሰው ካስነሳው ፕሮግራም ነው፤ ያውም በተነሳበት ቅጽበት የነበሩትን። በሊኑክስ ተርሚናል ላይ ቫሪያብሉን በኤክስፖርት ትዕዛዝ ሰጥተው የቼዝ ሰሌዳ ፕሮግራሙን ከዴስክቶፕ ጠቅ አድርገው ከከፈቱ፣ ሰሌዳውም በሱ ሥር የሚነሳው ኢንጂንም ቫሪያብሉን አያዩትም። በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ አዲስ ቢጨምሩም አስቀድሞ የተከፈተ መስኮት አያገኘውም። ሰሌዳውን ዘግተው፣ ቫሪያብሉ ካለበት አዲስ ተርሚናል ያስነሱት።